የጋሽ ሐሰን ጆሮ

ይህን ነገር ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ለነፍስ አባቴም እንዲሁ። ጾም መሻሬን፣ በንዴት የተናገርኩትን፣ ቅዳሴ ማርፈዴን አንድ በአንድ እየዘረዘርኩ ስናዘዝ ይህችን አንዷን ሁልጊዜ እዘላት ነበር። እስካለፈው ወር ድረስ ከእኔ በቀር የሚያውቃት ሰው አልነበረም። አሁን ለእርስዎ፣ ለማላውቅዎ አንባቢ፣ ልነግርዎ ነው። ፊትዎን ስለማላይ ይቀለኛል ብዬ ነበር ወረቀት ያነሳሁት። አልቀለለኝም።

ደረጀ እባላለሁ። አባቴ ለአስተማሪነት ከሚሴ ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። እኔም እዚያው ተወልጄ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀልኩ አድጌ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የኮምፒውተር ትምህርት ተምሬ ተመለስኩ። አንድ ነገር ለምን እንደሚሆን ሳላውቅ መተው አልችልም። ልጅ ሆኜ የቤታችንን ሬዲዮ ስንቴ እንደፈታሁት እናቴ ታውቃለች። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። ስህተቱን ያገኘሁት በዚሁ ጠባዬ ነው። ያደረግሁትን ለምን እንዳደረግሁት ግን እስከ ዛሬ ድረስ ፈልጌ አልጨረስኩም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የምርምር ድርጅት በጨፋ ሸለቆ ጤና ጣቢያዎች የወባ መድኃኒት ጥናት ጀመረ። አዲሱ መድኃኒት ከተለመደው ይሻል እንደሆነ፣ በሰው ላይስ ሌላ ጉዳት ያመጣ እንደሆነ ለማየት ነበር። ወባ የተገኘበት ሰው ከፈቀደ ይፈርማል፣ መድኃኒቱን ይወስዳል። ከዚያ መረጃ ሰብሳቢዎች በተወሰኑ ቀናት ቤቱ ወይም ገበያው ድረስ እየሄዱ ይጠይቁታል። ትኩሳቱ ተመልሷል? ያቅለሸልሻል? ጆሮ ላይ የሚጮህ ነገር አለ? የጥናቱ ውጤት ለጤና ኃላፊዎች ይቀርባል፤ እነሱም መድኃኒቱ በአካባቢው ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ይሰጥ፣ አይሰጥ ብለው ይወስናሉ።

የእኔ ሥራ መጠይቁ የሚሞላበትን የታብሌት ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ሌሎቹ በወረቀት ይሁን ሲሉ በታብሌት ይሁን ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ወረቀት ይጠፋል፣ ይበላሻል፣ የሰው እጅ ይሳሳታል አልኩ። መጠይቁን በአማርኛም በኦሮምኛም አዘጋጀሁት። ከላይ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች፤ እሷ ስትነካ ቋንቋው ይቀየራል። በዚያች ቁልፍ በጣም እኮራባት ነበር።

ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ አንዷ ዘሃራ ትባላለች። ነርስ ናት፣ የጨፋ ሮቢት ልጅ። ከሁላችንም በላይ ሥራዋን የምታውቅ እሷ ነበረች። ሰው ፊት ተቀምጣ ስትጠይቅ ቸኩላ አይቻት አላውቅም። መጀመሪያ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ትጠይቃለች፤ ከዚያ ስለ በሽታው። መጠይቁን ሞልታ ስትጨርስ ደግሞ ከቦርሳዋ ተራ የተማሪ ደብተር አውጥታ ሰውየው ያለውን በራሱ ቃል ትጽፋለች። አንድ ቀን አሾፍኩባት።

«ዘሃራ፣ ታብሌት ሰጥተንሽ ደብተር?»

«ታብሌትህ የሚያውቀው አዎና የለምን ብቻ ነው» አለችኝ። «ሰው እንደዚያ አያወራም፣ ደሬ።»

ጋሽ ሐሰንን የጠየቀችው እሷ ነበረች። ጋሽ ሐሰን የሰንበቴ ከብት ገበያ ደላላ ናቸው። ከአፋር ግመል ይዞ የመጣውንና ከደጋ በሬ ነድቶ የወረደውን መሀል ገብተው ያስማማሉ። ሥራቸው በድምፅ ነው፤ በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ለማን እንዳንሾካሾከ ሰምተው ነው እንጀራ የሚበሉት። መድኃኒቱን ከወሰዱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዘሃራ ገበያ ድረስ ሄዳ አገኘቻቸው። በአማርኛ ጀመሩ። ጆሮዎት ላይ የሚጮህ ነገር አለ ወይ አለቻቸው። «ወላሂ፣ ንብ የገባበት ነው የሚመስለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ዝዝዝ ይላል» አሏት። «አዎ» የሚለውን ነካች። ወሬው ሲሞቅ እንደ አገሩ ልማድ ወደ ኦሮምኛ ዞሩ። እሷም ቁልፏን ነክታ ቀሪውን መጠይቅ በኦሮምኛ ቀጠለች።

የጥናቱ ደንብ ግልጽ ነበር። ጆሮው ላይ «አዎ» የተባለለት ሰው ሐኪም ያየዋል፤ ወባው ቢመለስበትም ያ መድኃኒት አይደገምለትም፣ የተለመደው ይሰጠዋል። «የለም» የተባለለት ያው ይደገምለታል።

አንድ ሐሙስ ከሚሴ ቢሮ ቁጭ ብዬ ከየቦታው የገባውን መረጃ እያየሁ ሳለ አንድ ነገር ገረመኝ። የሌሎቹ መረጃ ሰብሳቢዎች ካነጋገሯቸው ሰዎች ውስጥ ጆሮው የጮኸበት አልፎ አልፎ አለ። ዘሃራ ካነጋገረቻቸው ግን አንድም የለም። ሁሉም የለም፣ የለም፣ የለም። ለምን? የሷ ሰዎች ጆሮ ከሌላው ሰው ጆሮ በምን ይለያል? ለምሳ ውጣ ሲሉኝ እንቢ አልኩ። ትርፍ ታብሌት አንስቼ ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ። በአማርኛ ሞላሁ፤ ትክክል ነው። በኦሮምኛ ሞላሁ፤ ትክክል ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ምንም የለም።

የቢሮው ጥበቃ በሩ ላይ ብቅ ብሎ ሰላም አለኝ። በአማርኛ ጀምሬለት ግማሹን በኦሮምኛ ጨረስኩት፤ እሱም እንዲሁ መለሰልኝና ሄደ። ያኔ እጄ ታብሌቱ ላይ ቀረ። ዘሃራም እኮ እንዲህ ነው የምታወራው! በአማርኛ ጀመርኩ፣ ጆሮ ላይ «አዎ» አልኩ፣ መሀል ላይ ቁልፏን ነካሁ፤ ሞልቼ ስጨርስ የተመዘገበውን ከፍቼ አየሁ። «አዎ» ያልኩት «የለም» ሆኗል። ቋንቋው ሲቀየር ፕሮግራሙ ከዚያ በፊት የተመለሱትን ጥያቄዎች ሁሉ በዝምታ ወደ «የለም» ይመልሳቸው ነበር። ከላይ የተሞላው ተመልሶ ስለማይታይ የሚሞላው ሰው አያውቅም።

መጀመሪያ የተሰማኝ ምን ይመስልዎታል? ደስታ። አልደብቅዎትም፣ ከወንበሬ ተነሳሁ። የቋጠሮው ጫፍ እጄ ገብቶ ነበር። ከዚያ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። በአንድ ቋንቋ የጀመረ ሰው በዚያው ይጨርሳል ብዬ የገመትኩት እኔ ነኝ። ከሚሴ ተወልጄ ያደግሁት፣ አንዱን ወሬ በሁለት ቋንቋ ካልሆነ የማልጨርሰው እኔ ነኝ። የሌላ አገር ሰው ቢሳሳተው ይገባኛል። እኔ እንዴት ሳትኩት?

ሲመሽ ፕሮግራሙን አስተካክዬ ጨርሼ ነበር። አዲሱን ወደ ሁሉም ታብሌቶች ላክሁ። ከሥሩ «ፍጥነቱ ተሻሽሏል» ብዬ ጻፍኩ። እስከዚያ ቀን የገባው መረጃ የተበላሸ መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም። ሰኞ እነግራቸዋለሁ አልኩ ለራሴ።

ሰኞ ግን ስብሰባ ተጠራ። ለካ የጥናቱ አስተባባሪ ዶክተርም እኔ ያየሁትን ቁጥር አይቶ ኖሯል፤ እሱ የገመተው ግን ሌላ ነው። ዘሃራ ሰዎቹን ሳታገኝ፣ ቤቷ ቁጭ ብላ ነው የምትሞላው አለ። ዘሃራ ብድግ አለች። እጇ ላይ ደብተሩ አለ። ገለጠችና አነበበች፤ የጋሽ ሐሰንን ንብ አነበበች፣ አንዲት ሴት «ወፍጮ ቤት የተቀመጥኩ ይመስለኛል» ያለችውን አነበበች።

«ይኼ ሁሉ ታብሌቱ ላይ የታለ?» አላት።

«ሞልቻለሁ። አዎ ብዬ ነው የሞላሁት።»

«ደብተር ማንም ትናንት ማታ ሊጽፈው ይችላል» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ደረጀ፣ ፕሮግራሙ የተሞላ መልስ ሊቀይር ይችላል?»

ይህች ናት። ስዘልላት የኖርኩት ይህችን ነው።

«አይችልም» አልኩ።

ከሐሙስ ወዲህ እውነትም አይችልም ነበር። በአፌ የወጣው ቃል ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነው። አየር ላይ የተንጠለጠለችውን ያቺን ቃል ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኳት! አይችልም አልኩ። ይችል ነበር አላልኩም። የተጠየቅሁትን መለስኩ አልኩ። የተጠየቅሁትን ግን እኔም እሱም እሷም እናውቀዋለን።

ዘሃራ አየችኝ። በጥላቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እርዳኝ እንደሚል ሰው ነው ያየችኝ። ከዚያ ደብተሩን ቀስ ብላ ዘጋችና «እንግዲያው ምናልባት ተሳስቼ ነክቼው ይሆናል» አለች። በዚያው ቀን ተሰናበተች። ታብሌቱ ላይ ያለው መረጃ ግን ዋናው እሱ ነው ተብሎ እንዳለ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው ሳምንት የጋሽ ሐሰን ወባ ተመለሰ። ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሱ ታብሌቱን ከፍቶ አየ። ጆሮ፤ የለም። ያንኑ መድኃኒት ደገመላቸው።

ይህን ያወቅሁት ቆይቶ ከመጣ አጭር ሪፖርት ነው። ተሳታፊው መስማት እንደተሳነው ይናገራል፤ ከመድኃኒቱ ጋር ግንኙነት ያለው አይመስልም፤ ከዚህ በፊት የጆሮ ቅሬታ አልነበረውም ይላል። አልነበረውም! አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ዘጋሁት። ያኔ እንኳ ብናገር የእሳቸው ጆሮ ባይመለስ ሌላው ይድን ነበር። አልተናገርኩም። ጥናቱ ተጠናቀቀ፣ መድኃኒቱ በጆሮ ላይ የሚያሳስብ ነገር የለውም ተባለ፣ ውሳኔው ተሰጠ፣ ወደ ጤና ጣቢያዎቹ ተሠራጨ። እኔም በጎበዝ ሠራተኛነቴ ተመስግኜ አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ተዛወርኩ።

ለምን ዝም አልኩ? ይህን ጥያቄ እንደዚያ ሬዲዮ ብዙ ጊዜ ፈትቼዋለሁ። ከሥራ መባረር ፈርቼ ነው? ትንሽ። ግን አልባረርም ነበር፤ አስተባባሪው ቁጡ ቢሆንም ስህተቱን ያመነን ሰው የሚያከብር ሰው ነበር። ዝውውሩ አጓጉቶኝ ነው? ያኔ ስለ ዝውውሩ ገና አልሰማሁም። እየቆየሁ ሳስበው ከሁለቱም የሚያንስ ነገር አገኛለሁ፤ የሚያሳፍረኝም ማነሱ ነው። የሰው እጅ ይሳሳታል ብዬ ሁሉ ፊት ተከራክሬ ነበር። ከዘሃራ ደብተር በልጬ መታየት ፈለግሁ። ይኸው ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ የሰው ጆሮ የሰጠሁት? አንዳንዴ ከሥር ሌላ የሚሻል ምክንያት ይኖር ይሆን ብዬ እቆፍራለሁ። የለም።

ያለፈው ወር አባቴ ታመመና ከሚሴ ሄድኩ። አባቴ ሲሻለው ወደ አዲስ አበባ መመለስ ሲገባኝ እግሬ ወደ መናኸሪያ ወስዶ የጨፋ ሮቢት ሚኒባስ ውስጥ ከተተኝ። ዘሃራ ገበያው ዳር ትንሽ የመድኃኒት መደብር ከፍታለች። ገና ስታየኝ ሳቀች።

«ደሬ! አካም ጅርታ? አባትህ እንዴት ናቸው?»

የምትጠላኝ መስሎኝ ነበር የመጣሁት። የምትጠላኝበትን ምክንያት እንደማታውቅ ያኔ ነው ያስታወስኩት። መደብሩ ጭር እስኪል ጠብቄ ነገርኳት። ስለ ቁልፏ፣ ስለ ሐሙስ፣ ስለ ሰኞ። እየሰማች ባንኮኒው ላይ ያለውን የሽሮፕ ካርቶን ጠርዝ በጥፍሯ ትፍቅ ነበር። ስጨርስ ካርቶኑን ወደ ጎን ገፋችው።

«እስኪ አሳየኝ» አለች። «በትክክል ምን ስነካ ነው የጠፋው?»

ወረቀት ላይ ሳልኩላት። ጥያቄው እዚህ፣ ቁልፏ እዚህ። ጣቷን ቁልፏ ላይ አድርጋ አየችው።

«እኔኮ» አለች፣ «እኔኮ ይኼን ሁሉ ዓመት እጄ ነው የሳተው ብዬ ነው የኖርኩት። ጋሽ ሐሰንን ያደነቆርኩ እኔ ነኝ ብዬ። ሰንበቴ ድረስ ሄጄ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብያቸዋለሁ። ሰው ስመረምር፣ መድኃኒት ስሰጥ፣ ሁለቴ ሦስቴ ነው የማየው። እጄን አላምነውም። ያንተን እያወቅህ?»

«እያወቅሁ።»

«ሰኞ ዕለት፣ ስጠይቅህ፣ በዓይኔ...»

«እያወቅሁ ነው፣ ዘሃራ።»

ስሟን ስጠራ እጇን አነሳች፤ ተው ማለቷ ነው። ይህንን አልጠበቅሁም ነበር። ሥራዋን ያስጣልኳት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የራሴን ጥፋት አሸክሜያት ኖሬያለሁ። እኔ ቀለል ብሎኝ ስሄድ እሷ ነበረች የምትሸከመው።

«እሑድ የሰንበቴ ገበያ ነው» አለች። «ለእኔ ብቻ ነግረህ አትሄድም። እኔም እመጣለሁ።»

እሑድ ሰንበቴ ወረድን። ጋሽ ሐሰን ድለላውን ትተውታል። ከከብቱ መሀል ወጥተው ገበያው ዳር ገመድና አሞሌ ጨው ዘርግተው ይሸጣሉ፤ ገዢ በጣቱ ያሳያቸዋል፣ እሳቸውም በጣታቸው ይመልሳሉ። ዘሃራን ሲያዩ ፊታቸው በራ። አጠገባቸው ተንበርክኬ ያዘጋጀሁትን ጀመርኩ።

«ማል ጄቴ?» አሉኝ፤ ምን አልክ ነው። ወደ ቀኝ ጆሯቸው ጠጋ አልኩና ደገምኩት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጮክ በል» አለችኝ ዘሃራ። «እንዲህ አይሰሙህም።»

ጮክ አልኩ። አልሰሙም። በልቤ የሸሸግሁትን፣ ለነፍስ አባቴ እንኳ በሹክሹክታ ያልተናገርኩትን ነገር፣ በሰንበቴ ገበያ መሀል በጉሮሮዬ ሙሉ መጮህ ነበረብኝ። ጮኽኩ። «ፕሮግራሙ ስህተት ነበረበት! የጻፍኩት እኔ ነኝ! አውቄ ዝም አልኩ!» በአማርኛ ጮኽኩ፣ ያልገባቸውን በኦሮምኛ ጮኽኩ። ደላሎቹ ጭቅጭቃቸውን አቆሙ። ግመል ይዞ የቆመው አፋር ዞሮ አየኝ። ሳል ያዘኝ፤ ከሳሉ በኋላም ቀጠልኩ።

ጋሽ ሐሰን አፌን እያዩ ሁሉንም ጨረሱት። ከዚያ ወደ ዘሃራ ዞሩ።

«አንቺ ጽፈሽው ነበር?»

ዘሃራ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እንባዋ ወርዷል።

«ይቺን ልጅ አፉ ብያት ነበር» አሉኝ። ድምፃቸው ራሳቸው ስለማይሰሙት ከፍ ያለ ነው። «ጥፋት ሳይኖርባት አፉ አልኳት። አላህ ይየው። ያን አፉ ከሷ አንስቼ ላንተ አልሰጥህም፤ የሷ ነው።»

«አይስጡኝ» አልኩ። የሰሙኝ አልመሰለኝም።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ። «መድኃኒቱ አሁንም አለ? ጤና ጣቢያ ይሰጣሉ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። አለ፣ ይሰጣሉ።

ጋሽ ሐሰን በቁጣ አዩኝ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ታዲያ እኔ ዘንድ ተንበርክከህ ምን ትሠራለህ? የኔ ሄዷል። ሂድና ለሚሰጡት ተናገር! ሂድ!»

ተነሥቼ ሄድኩ።

በማግስቱ ሁሉንም ጻፍኩ። መቼ ምን እንደተበላሸ፣ የትኞቹ መልሶች እንደማይታመኑ፣ እኔ መቼ እንዳወቅሁና ምን ብዬ እንደመለስኩ። የአሮጌውን ፕሮግራም ቅጂ አያይዤ አንዱን ለጤና ኃላፊዎቹ፣ አንዱን ለድርጅቱ ሰጠሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ሴት ማኅተም ከመምታቷ በፊት የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች፤ ከዚያ ቀና ብላ «ይኼን የፈረምከው አንተ ነህ?» አለችኝ። ነኝ አልኩ። ድርጅቱ ከሥራ አግዶኛል። ኃላፊዎቹ ጉዳዩን እያጣራን ነው ብለዋል። እስኪያጣሩ ድረስ ግን መድኃኒቱ እየተሰጠ ነው፤ ዛሬም ጠዋት፣ ይህን እየጻፍኩ፣ አንድ ሰው ይውጠዋል፤ ጆሮው ቢጮህ ምን ማለት እንደሆነ የነገረው የለም። እኔ በጊዜው ብናገር ይህን ማጣራት ከዓመታት በፊት ያልቅ ነበር።

ይቅርታ ያድርጉልኝ አልልዎትም። ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ እነዚህን ሁሉ ለራሴ ብያቸው አይቻለሁ፤ አንዳቸውም ጋሽ ሐሰን ዘንድ አይደርሱም። ስህተቱ በሰው ላይ የሚደርስ ነው። ዝምታው ግን አልደረሰብኝም፤ እኔ ነኝ ያደረግሁት። ሰኞ ዕለት ያደረግሁት፣ ማክሰኞም፣ ከዚያም በኋላ በየቀኑ፣ ጠዋት ጠዋት ተነሥቼ እንደ አዲስ ያደረግሁት እኔ ነኝ።